ጌታው ሾመው፣ ጌታው ለሁለት ከፈለው፦ የራሚሮ ዴ ሎርካ ነገር

የቀለም ጠብታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስለ አንድ ሹም ሳነብ አደርኩ። ስሙን ብዙዎቻችሁ አታውቁት ይሆናል። ሬሳውን ግን ሳታውቁት አትቀሩም።

ራሚሮ ዴ ሎርካ ይባላል፣ ስፔናዊ ነው። የፍሎረንሱ ጸሐፊ ማኪያቬሊ ስለ ገዢዎች በጻፋት ቀጭን መጽሐፍ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ለሁለት ተከፍሎ አደባባይ ላይ የተጣለ ሰው አለ አይደል? አጠገቡ ቁራጭ እንጨትና ደም የነካው ቢላ ያለው? እሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ።)

ለማያውቅ ባጭሩ። ቼዛሬ ቦርጂያ የሮማው ጳጳስ የአሌክሳንደር ስድስተኛ ልጅ ነው። አዎ፣ ጳጳስ። አዎ፣ ልጅ። እሱን ሌላ ቀን እናወራለን። በ1498 የካርዲናልነቱን ቀሚስ አውልቆ ወታደር ሆነ። ከፈረንሳዩ ንጉሥ ከሉዊ 12ኛ መስፍንነትም፣ ሚስትም፣ ጦርም አገኘና በ1499 መጨረሻ ሮማኛ ወደምትባለው የጣሊያን ክፍል ዘመተ። ኢሞላና ፎርሊ ቀድመው ወደቁ። ከዚያ ፔዛሮና ሪሚኒ፣ በ1501 ደግሞ ፋኤንዛ። ቼዜናን መናገሻው አደረጋት።

መሬቱ ተያዘ፤ ማን ይግዛለት? አገሩ በዘረፋና በቂም የተበላሸ ነበር። የቀድሞዎቹ ትንንሽ መሳፍንት ሕዝቡን ከመግዛት ይልቅ መግፈፍ ነበር የሚቀናቸው። ቼዛሬ የፈለገው ጨካኝና ቶሎ የሚጨርስ ሰው ነው። ከድሮ ጀምሮ የቤቱ ሰው የሆነውን ራሚሮን ሾመ፣ ሙሉ ሥልጣንም ሰጠው። ሰውዬው ሠራ። ባጭር ጊዜ አገሩ ቀጥ አለ።

ከዚያ ዲሴምበር 22 ቀን 1502 ከፔዛሮ ቼዜና ገባ። ወዲያው ተያዘና ማማ ሥር ወረወሩት። በ26 ጠዋት የከተማው ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ አደባባዩ ላይ ተጋድሞ አገኘው።

እኔን ያላስተኛኝ ምን መሰላችሁ? ሁሉም ታሪኩን ከቼዛሬ ወገን ቆሞ ነው የሚያነበው። «አይ ብልጠት!» ይላሉ። ከፔዛሮ ተነስቶ በክረምት ብርድ በፈረስ ስለመጣው ሰው የሚያስብ የለም። የታዘዘውን ነው የሠራው። የእባብ ጉድጓድ በሰው እጅ ይለካል እንላለን፣ ባለ እጁ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም። ምን ትላላችሁ?

ድንኳን ሰባሪ

አለቃህ በበዓል ሰሞን «ብቅ በል፣ ላናግርህ» ካለህ አትሂድ። እኔ ከታሪኩ የተማርኩት ይሄን ብቻ ነው 😂

ጉልላት

የቀለም ጠብታ ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ቆንጆ ነው፣ ግን ለዚህ ሰው ድንኳን ጣሉ እንዳትለን።

ፋኤንዛ ላይ ያደረገውን ታውቃለህ? በዘመኑ ዜና መዋዕል የተጻፈ ወሬ ነው። አንድ ሌባ ሲሰቀል ገመዱ ተበጠሰ። ሕዝቡ «እግዜር ምሮታል» ብሎ አፈፍ አድርጎ ወስዶ ቤተ ክርስቲያን አስገባው። እኛም አገር ቢሆን ያው ነው፣ ደጀ ሰላም የገባ ሰው አይነካም። ራሚሮ ግን ሰውየውን ከዚያ አስወጥቶ እንደገና ሰቀለው፣ በመስኮት ላይ። ይሄ አልበቃ ብሎት ከተማውን ገንዘብ ቀጣ።

አሁን ይሄንን ቼዛሬ አዘዘው? «ገመድ ከተበጠሰ ድገመው» የሚል ደብዳቤ ጻፈለት? ጭካኔው የጌታው ብቻ አልነበረም። የራሱም ነበረበት፣ ወደውም ይሠራው ነበር።

የቀለም ጠብታ

ጉልላት፣ እሺ፣ የገመዱን ነገር አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ከጻፍኩት ማንም አብሮኝ አያስብም ብዬ ነው። ጥፋቴ ነው። ግን ጥያቄው አልጠፋም። ጨካኝ ስለሆነ ነው የተመረጠው። ለጨካኝነቱ ሾመህ፣ ለጨካኝነቱ ሲገድልህስ?

ጡረተኛው

ልጆች፣ በመሃል ልግባ። እኔ 31 ዓመት በመንግሥት ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ስለ ቦርጂያም ብዙ አላውቅም። ስለ ሹም ሽር ግን አውቃለሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ከመንገድ ዳር ይነሱ ተባለ። አለቃዬ «ማስታወቂያውን አንተ ፈርምና ለጥፍ» አለኝ። ፈረምኩ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት በሊጥ ነበር፣ ሙጫ አልነበረንም። እናቶቹ ረገሙኝ፣ ልጆቻቸው ድንጋይ ወረወሩብኝ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ ራሱ መጣ። እዚያው ጉሊቱ መሃል፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ማነው ይሄንን የፈረመው? እናቶቻችንን እንዲህ ያደርጋሉ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ተጨበጨበለት። አንዷ እናት እንዲያውም ሽንኩርት መረቀችለት።

እኔን ማንም ለሁለት አልከፈለኝም፣ ተመስገን። ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ፣ በቃ። ግን ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ የተሰማኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ያናደደኝ ስድቡ አልነበረም። ያስገረመኝ አለቃዬ ማስታወቂያውን ሲያነብ እንደ አዲስ ነገር ነበር የሚያነበው። እውነት የረሳው ነው የሚመስለው። ራሚሮም ማማው ሥር ሆኖ «መርሳቱ ይሆን እንዴ?» ብሎ ይሆናል።

ድንኳን ሰባሪ

ጋሼ፣ ሽንኩርቷ ገደለችኝ። ይቅርታ፣ አስለቀሰችኝ ማለቴ ነው።

የሕግ ተማሪዋ

ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ ነገር አለ። ፍርድ ቤቱ።

ራሚሮ ከመገደሉ በፊት በዚያው በ1502 ቼዛሬ ለሮማኛ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር፣ መቀመጫው ቼዜና። ፕሬዚዳንት አድርጎ የሾመው አንቶኒዮ ዴል ሞንቴን ነው፤ የተማረ የሕግ ሰው፣ ኋላ ካርዲናል የሆነ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ጠበቃ ይልክ ነበር። ማኪያቬሊም ይሄን ይጠቅሰዋል፣ ሰው ግን ቢላውን ሲያይ እዚያ ያለውን ዳኛ ይረሳል።

ስለዚህ የቅደም ተከተሉን ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ አገሩ በጉልበት ጸጥ አለ። ከዚያ ሕግ መጣ። ሕጉ ሲመጣ የጉልበቱ ሰው ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሹም ደግሞ፣ በተለይ ሁሉም የሚጠላው ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የቀረ ባሩድ ነው።

የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። ፍርድ ቤቱ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ፣ ዳኛው አለ፣ ጠበቆቹ አሉ። ሰውዬው ተይዞ እስኪሞት የቆየው 4 ሌሊት ነው። በ4 ሌሊት ምን ዓይነት ሙግት ይካሄዳል? እማኝ እንኳ ከፋኤንዛ ቼዜና እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። በደል የደረሰበት ሰው ሁሉ ቀርቦ «ልጄን ሰቀለው፣ ገንዘቤን ወሰደ» ማለት ነበረበት። ያ ቢሆን ግን ቀጣዩ ጥያቄ «ማን ሾመው?» ነው የሚሆነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ለዚህ ነው በሌሊት ያለቀው።

ጉልላት

ክስ ግን ነበረ፣ እህቴ። እህል። ራሚሮ የሮማኛን እህል በድብቅ እየሸጠ ኪሱን ሞልቷል ነው የተባለው። ያ ክረምት ደግሞ እህል ያጠረበት ነው፣ የቼዛሬ ሠራዊትና የፈረንሳይ ወታደር ቼዜና ላይ ሰፍሮ ከተማዋን ሲበላት ነው የከረመው። ዳቦ ሲጠፋ ሕዝብ አንድ ስም ይፈልጋል።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ይሄኛው በልቷል፣ አይቆጨውም 😏

ሌላም ጥርጣሬ አለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የቼዛሬ የጦር አዛዦች ማጆኔ ላይ ተሰብስበው አድመውበት ነበር። ቪቴሎዞ ቪቴሊ፣ ኦሊቬሮቶ፣ ኦርሲኒዎቹ። ራሚሮም ከነሱ ጋር ውስጥ ለውስጥ ይላላክ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ ይሄኛው ነው የሚመስለኝ። እህል የሰረቀ ሹም በዚያ ዘመን ስንት ነበር፣ ሁሉን ለሁለት ቢከፍል ሹም ባልቀረ።

የቀለም ጠብታ

እንግዲህ ሌሊቱን የበላኝ ይሄ ነው፣ ጉልላት አመጣኸው።

ማኪያቬሊ ያን ጊዜ እዚያው ቼዜና ነበር። የፍሎረንስ መልእክተኛ ሆኖ ከኦክቶበር ጀምሮ ቼዛሬን እግር በእግር ይከተላል፣ ያየውን ወደ አገሩ እየጻፈ ይልካል። በ26 የጻፈው ደብዳቤ ተርፏል። ራሚሮ ዛሬ ጠዋት አደባባይ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ፣ አሁንም እዚያው ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ አይቶታል ይላል። ምክንያቱስ? በደንብ አይታወቅም ይላል! ልዑሉ እንዲህ ስላሰኘው ነው፤ ሰውን እንደ ሥራው መሥራትም ማፍረስም እንደሚችል እያሳየ ነው ብሎ ያልፋል።

በ1513 መጽሐፏን ሲጽፍ ግን ምክንያቱን ያውቀዋል። ጥርት ብሎ። ቼዛሬ ጭካኔው ከእኔ ሳይሆን ከሹሙ ክፉ ጠባይ ነው ብሎ የሕዝቡን ልብ ለማጠብ አደረገው ይለናል። ሕዝቡም በአንድ ጊዜ ደስም አለው፣ ደነገጠም።

ሬሳው ፊቱ ተዘርግቶ ያላወቀውን ነገር ከ11 ዓመት በኋላ ከየት አመጣው? እኛ 500 ዓመት ሙሉ «አይ የቦርጂያ ብልጠት» የምንለው፣ ብልጠቱ የቦርጂያ ይሁን የማኪያቬሊ ሳናውቅ ነው። አንድ ሰው በጭቅጭቅ፣ ወይ በእህል፣ ወይ በጥርጣሬ ተገደለ። ጎበዝ ጸሐፊ መጣና ሞቱን ትምህርት አደረገው።

የሕግ ተማሪዋ

ቆይ፣ ቆይ፣ ደብዳቤዎቹን ካነሳህ ሁሉንም አንሳቸው እንጂ። በ23ም ጽፏል፣ ራሚሮ በተያዘ ማግስት። ሕዝቡ ሞቱን አጥብቆ ስለሚፈልግ ይህ ልዑል ራሚሮን ይሠዋላቸው ይሆናል ተብሎ ይፈራል ይላል እዚያ ላይ። ከመሞቱ 3 ቀን በፊት ማለት ነው! ስለዚህ ሐሳቡን በ1513 ከሜዳ አላመጣውም። ከተማው ውስጥ ይወራ ነበር። ሽታው ቀድሞ ወጥቷል።

የቀለም ጠብታ

ያዝሽኝ። ግን «ይፈራል» ማለትና «ለዚህ ነው» ማለት አንድ አይደለም። በ23 ፈራ፣ በ26 ደግሞ አላውቅም አለ። ከሁለቱ ደብዳቤዎች መሃል መጽሐፉ የወሰደው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የሕግ ተማሪዋ

እሺ፣ ግማሹን ሰጥቼሃለሁ። ግማሹን ብቻ።

ቦሎኛ ነኝ

አይ ልጆቹ! እኔ እዚሁ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ቼዜና ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ከቦሎኛ በባቡር ስትነሱ ኢሞላ፣ ፋኤንዛ፣ ፎርሊ፣ ቼዜና፣ ሪሚኒ እንደ መቁጠሪያ አንድ መስመር ላይ ተሰድረዋል። ሮማውያን በሠሩት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ናቸው፣ ባቡሩም እሱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቼዛሬ ለምን እነዚህን ተራ በተራ እንደለቀማቸው ባቡሩ ውስጥ ተቀምጠህ ይገባሃል። አንዱን ከያዝክ የሚቀጥለው ከፊትህ ነው።

ቼዜና ትንሽ፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ምሽጉ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ያያታል። በ1454 የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት አላት፣ መጻሕፍቱ እስካሁን ከመቀመጫው ጋር በሰንሰለት ታስረዋል፣ አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። አደባባዩ ላይ ቡና ጠጣሁ። አስተናጋጁን ስለ ራሚሮ ብጠይቀው «ማን?» አለኝ።

ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማኪያቬሊ ስሙን የጻፈው «ሬሚሮ ዴ ኦርኮ» ብሎ ነው። ኦርኮ በጣሊያንኛ ጭራቅ ማለት ነው። ተሳስቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ ነው? እኔ ያ ሰውዬ በስህተት የጻፈው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ በዚያው 1502 ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የቼዛሬ የጦር መሐንዲስ ነበር። የኢሞላን ካርታ ሠርቶለታል፣ በሴፕቴምበር ቼዜናቲኮ ወደብ ሄዶ ሥዕል አንስቷል። እስቲ አስቡት፣ ራሚሮ፣ ሊዮናርዶና ማኪያቬሊ ሦስቱም በአንድ ዓመት የአንድ ሰው ደጅ ሲጠኑ።

ሦስተኛው የእኛ ነው። ዲሴምበር 26 በካቶሊኮች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን ነው። በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሻ መነኮሳት የሚያርፉበት ቤት ነበረ፣ ሲክስቱስ አራተኛ የሰጣቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። ዛሬም የሐበሾች እስጢፋኖስ ይባላል። አባቶቻችን ከቦርጂያው ጳጳስ ግቢ ጀርባ ነበር የሚቀድሱት። በቃ፣ ይሄን ብቻ ነው ያልኩት፣ ከራሚሮ ጋር አያገናኘውም 🙈

ድንኳን ሰባሪ

«አያገናኘውም» ብሎ ነገሩን ለመጻፍ አምስት መስመር የፈጀ ሰው አየሁ። ግን ወድጄዋለሁ።

ጡረተኛው

ቦሎኛ፣ ተባረክ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ዓይነት ነገር የዚያ አገር ልማድ ነበር ወይስ የቼዛሬ ብቻ?

ጉልላት

ጋሼ፣ ልማድ ነበር ማለት ይቻላል። ካርማኞላ የሚባለውን ይዩልኝ። ከራሚሮ 70 ዓመት በፊት ነው። ከድሃ ቤት የወጣ ወታደር ነው፣ ለሚላኑ መስፍን ለፊሊፖ ማሪያ ቪስኮንቲ ከተማ በከተማ ላይ እየያዘ ሰጠው። ጄኖዋ ላይም ገዢ ሆነ። ከዚያ መስፍኑ ፈራው፣ «ይሄ ሰው ከኔ በላይ ሆነ» አለ፣ ፊት ነሣው። ካርማኞላም በ1425 ተነስቶ ወደ ጠላቱ ወደ ቬኒስ ሄደ። በ1427 ማክሎዲዮ ላይ የሚላንን ጦር ድምጥማጡን አጠፋ። ግን የማረካቸውን ወታደሮች ለቀቃቸው! ቬኒሶች ዓይናቸውን ጣሉበት። ከዚያ ጦርነቱን አጓተተው። በ1432 «ና እንመካከር» ብለው በክብር ጠሩት። በክብር ተቀበሉት። ያዙት። ሜይ 5 ቀን ሳን ማርኮ አጠገብ፣ በሁለቱ ዓምዶች መሃል፣ አንገቱን ቆረጡት። አፉ ውስጥ ልጓም አድርገውበት፣ እንዳይናገር።

ልብ ይበሉ፣ ለካርማኞላ ቬኒስ ቢያንስ የፍርድ ወግ አድርጋለታለች። ራሚሮ እሱንም አላገኘም። ግን አፉን ያሰሩት ለምን ይመስሎታል? የሚናገረው ስላለው ነዋ።

የቀለም ጠብታ

ጉልላት አንጀቴን አራስከው። የራሚሮ ነገርም እሱ ነው። እሱ ራሱ የጻፈው፣ ከማማው የላከው አንድ መስመር እንኳ እጄ አልገባም። ስለሱ የምናወራው ሁሉ ሌላ ሰው ያለው ነው። እኔ ትናንት ሲጀመር «የታዘዘውን ነው የሠራው» ብዬ ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። ገመዱን ደግሟል። እህሉንም ሳይበላ አልቀረም። ግን እሱ ራሱ ቢናገር ኖሮ ማን ምን እንዳዘዘው እንሰማ ነበር፣ ሌሊቱን የሠሩት ሰዎችም ይሄን ያወቁት ይመስለኛል።

የሕግ ተማሪዋ

ከዚያ የሆነውን እኮ እዚህ ማንም አልጻፈም። ከ5 ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 31፣ ቼዛሬ ያደሙበትን አዛዦች ሴኒጋሊያ ላይ «ታርቀናል» ብሎ ሰብስቦ ያዛቸው። ቪቴሎዞንና ኦሊቬሮቶን በዚያው ሌሊት አሳነቃቸው። ኦርሲኒዎቹን ትንሽ አቆይቶ ጨመራቸው። እና እነዚህ ሰዎች ራሚሮ ምን እንደሆነ ሰምተው ነበር እኮ! የ5 ቀን ወሬ ነው! እንዴት እግራቸው ተንቀሳቀሰ?

ድንኳን ሰባሪ

«እኔን እንዲህ አያደርገኝም» ብለው ነዋ። ራሚሮም ፔዛሮ ላይ ያለው ይሄንኑ ነው። ሁሉም ሰው የሚለው ይሄንኑ ነው።

ጉልላት

ቼዛሬም ብሎታል። በኦገስት 1503 አባቱ ሲሞት እሱም አልጋ ላይ ነበር። ዩልዮስ ሁለተኛ ጳጳስ እንዲሆን ደገፈ፣ ቃል ተገብቶለታል ብሎ። ዩልዮስ ከነመሬቱ አራገፈው። ኔፕልስ ሸሸ፣ እዚያ ስፔኖች ያዙት። ስፔን ታሰረ፣ አመለጠ፣ በማርች 1507 ቪያና የምትባል ቦታ ላይ በአንዲት ተራ ግጭት ብቻውን ተከቦ ሞተ። ዕድሜው 31። ያን ሁሉ ያደረገው ከ31 ዓመት በታች ሆኖ ነው፣ እኔ በ31 ዓመቴ ገና የቤት ኪራይ ነው የማሳድደው።

ግን አንድ የሚገርም ነገር፣ ሲወድቅ ሮማኛ ቶሎ አልከዳችውም። ማኪያቬሊ ከአንድ ወር በላይ ጠበቀችው ይላል። እና የራሚሮ ሬሳ ሠራ ወይስ አልሠራም? ሠራ የሚሉ ይሄን ነው የሚጠቅሱት።

የሕግ ተማሪዋ

ወይም ፍርድ ቤቱ ነው የሠራው። ሬሳ አንድ ጠዋት ያስጨበጭባል፣ ዳኛ ግን በየቀኑ ነው የሚቀመጠው።

ልጅ ሉካንዳ

እዚህ ቤት ሁሌም አነባለሁ፣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን የኔ ሙያ መጣ። አባቴ ሥጋ ቤት ነበረው፣ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት።

«ለሁለት የተከፈለ» የሚለው ላይ ትጣላላችሁ ብዬ ስጠብቅ አለፋችሁት። ሁለት ማለት ምንድን ነው? እንደ በሬ ከመሃል፣ ከአከርካሪው ተሰንጥቆ? ወይስ ጭንቅላት ወዲህ፣ ገላ ወዲያ?

ከመሃል ከሆነ በቢላ አይሆንም። ቢላ ሥጋ ነው የሚቆርጠው። አጥንት መጥረቢያ ይፈልጋል፣ እሱም በአንድ ምት አይሆንም። አንገት ከሆነ ግን መጋጠሚያውን ካገኘኸው ቢላ ይበቃል። በግ አርዶ ብልት ያወጣ ሰው ይሄን ያውቃል።

ቦሎኛ ነኝ

ልጅ ሉካንዳ፣ አንገቱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጥሩ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ፣ ጭንቅላቱ ጦር ላይ ተሰክቶ ነበር የሚል ወሬም አለ። እንጨቱንስ ምን ትለዋለህ? ጣሊያንኛው «ቁራጭ እንጨት» ነው የሚለው፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ልጅ ሉካንዳ

እንጨቱ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ፣ ቢላውን መጋጠሚያው ላይ ታስቀምጥና ጀርባውን በእንጨት ትመታዋለህ። አባቴ መጥረቢያው ሲደንዝበት እንዲህ ያደርግ ነበር። እንደዚያ ከሆነ እንጨቱ ክንድ የሚያህል ነው፣ አንድ ሰው በብብቱ ይዞት ይመጣል።

ሁለተኛው፣ ግንድ ነው። ሥጋ የሚቆረጥበት ግንድ። የእኛ ሥጋ ቤት ግንድ የዋርካ ነበር፣ ከመሃል ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ ማታ ማታ በጨው አሽተን ነበር የምናጥበው። ቤት ስንቀይር አራት ሆነን ነው ያነሳነው፣ ያውም እያረፍን።

ግንድ ከሆነ ማንም እዚያ ረስቶት አልሄደም። ሌሊት፣ በብርድ፣ ሰዎች ተሸክመው አደባባይ ድረስ አምጥተውታል። ሥራው ካለቀ በኋላም መልሰው መውሰድ ነበረባቸው፣ ሥጋ ቆራጭ ግንዱን ጥሎ አይሄድም። እነሱ ግን ትተውት ሄዱ። ቢላውንም ሳያጥቡ።

የቀለም ጠብታ

ልጅ ሉካንዳ፣ አንተ እስከዛሬ የት ነበርክ?

ልጅ ሉካንዳ

ሱቅ ነበርኩ። አሁንም ሱቅ ነኝ፣ ነገ ፍስክ ስለሆነ ሰው ተሰልፏል። ማታ እመለሳለሁ።